ሠላሳ አንድ ጓጉንቸር በአንድ የወተት ማቀዝቀዣ

ጆሮዬ ውስጥ ውሃ ገብቶ፣ ሰው ሲያናግረኝ ከጉድጓድ የሚጣራ ሲመስለኝ ጊዜ አንድ ማክሰኞ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሐኪሙ ምሳ ወጥቷል። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ከእኔ ቀጥሎ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ቀኝ እጃቸውን በሻሽ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ተቀምጠዋል። ነርሷ ብብታቸው ሥር ቴርሞሜትር አድርጋ ነበርና ልትወስደው እጇን ስትዘረጋ ቀደሟት። አውጥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩና አነበቡት።

“እማማ፣ እሱን ለእኔ ይስጡኝ። የማነበው እኔ ነኝ።”

“ቆይ እንጂ ልጄ፣ እኔም አነባለሁ። ሠላሳ ሰባት!” ዓይናቸው ፈጠጠ። “በይ በዚህ ሙቀት ማን ያሳድረኛል?”

“ሠላሳ ሰባትማ ጤነኛ ነዎት ማለት ነው።”

“ለሰው ይሆናል። ወተት ብሆን ግን እስካሁን ደፍተውኝ ነበር።”

ነርሷ ቴርሞሜትሯን ነጥቃ እየሳቀች ገባች። ደህነኛው ጆሮዬ በእሳቸው በኩል መሆኑ የእኔ ዕድል ነው። ሰው ሲያወራ አጠገቡ መቀመጥ ነፍሴ ነው፤ ሐኪም ምሳ ላይ ሲሆን ደግሞ ሰው ያወራል።

“የወተት ላሞች አሉዎት እንዴ?” አልኳቸው።

“ሦስት። ዳማ፣ ቡሬና ሥራ አስኪያጇ።”

“ሥራ አስኪያጇ?”

“ሁሉም ተሰልፎ ካልጠበቃት ከቦታዋ የማትነሳን ላም ምን ልበላት? ይኸው እጄንም የረገጠችው እሷ ናት። ለማን አቤት ይባላል?”

ሰፈርተኛው “እሾህ” ይላቸዋል። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ ሰው ማዕረጉን ሲናገር ቀና እንደሚል ቀና ብለው። ስሙ ከሰማይ አልወረደም። ያዩትን እንዳላዩ ማለፍ አልፈጠረባቸውም። ልብስ ሰፊውን “አጥርህ በየዓመቱ አንድ ክንድ ወደ እኔ ይራመዳል” ብለው ተጣሉት። አስተማሪውን “ዶሮዎችህ ከተማሪዎችህ ይብሳሉ” ብለው። የወተት ማኅበሩን ሊቀመንበር ደግሞ በሰው ፊት “ወተትህ ፊቱን ታጥቦ ነው የመጣው” አሉት፤ ውሃ ጨምረሃል ለማለት ነው፣ ጨምሮም ነበር።

ከባላቸው እህት ጋር የነበረው ግን ከሁሉም ይከፋል። ዘጠኝ ዓመት አልተነጋገሩም። መነሻው ጥጃ ነው። የእሳቸው ጥጃ በአጥር ሾልኮ የእህትየዋን ላም አንድ ጠዋት ጥርግ አድርጎ ጠባት። እህትየዋ “በእጇ ነው የለቀቀችው” አለች። እሳቸው “ጥጃ መንገድ አይጠይቅም” አሉ። በእነዚህ ሁለት ቃሎች ዘጠኝ ዓመት በሩ ተዘጋ። ቤታቸውን ግን የሚለየው ያው ጥጃው የሾለከበት አጥር ነው።

“እሺ፣ ቴርሞሜትር ማንበቡንስ ከየት አመጡት?” አልኳቸው።

“እሱን ልነግርህ አይደል? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።”

መንደሩ ከከተማው ዳር ነው። ሠላሳ አንድ ሰው ሁለትም ሦስትም ላም አለው። ወተት ሰብሳቢው መኪና የሚመጣው ጠዋት ጠዋት ብቻ ስለሆነ የጠዋቱ ወተት ልጅ፣ የማታው የእንጀራ ልጅ ነበር። ማታ የታለበውን ልጆች ይጠጣሉ፣ ትንሽ ለጎረቤት ይሰጣል፣ የተረፈው ጠዋት ሲከፈት ኮምጥጦ ይገኛል። እሳቸው ጣሳውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ እርጥብ ጆንያ አልብሰው ብዙ ታግለዋል። “ድመቶቻችን በግ አክለው ነበር” አሉኝ። “ሠላሳ ዓመት የማታውን ያለብኩት ለድመት ነው።”

ከዚያ የወተት ፋብሪካው ሦስት መቶ ሊትር የሚይዝ ማቀዝቀዣ ገንዳ ላከ። የሚያብለጨልጭ ብረት፣ ከላይ ሰፊ ክዳን፣ ከታች ቧንቧ። ለሦስት ወር ሙከራ ነው ተባለ። ሦስት ወሩ ሲያልቅ የማታው ወተት መቶ ሊትር ከሞላ እዚያው ይቀራል፤ ካልሞላ ወደሚቀጥለው መንደር ይሄዳል።

ስብሰባ ተጠራ። ማን ቤት ይቀመጥ? ልብስ ሰፊው ቤት ሲባል የአስተማሪው ወገኖች አኮረፉ። አስተማሪው ቤት ሲባል የልብስ ሰፊው ወገኖች ኮፍያቸውን አንስተው ሊወጡ ሆነ። ሊቀመንበሩ ቤት ሲባል ሁሉም ሳቀ። ሁለት ሰዓት ውሃ ሲወቅጡ ቆይተው አንድ ሽማግሌ ከጥግ ተነሱ።

“የሚያስፈልገን ለማንም የማያደላ ሰው ነው። የማያደላ ደግሞ ከሁላችንም ጋር እኩል የተጣላ ነው።”

“ድምፅ እንኳ አልተሰጠም” አሉኝ እማማ። “ሠላሳ አንገት ባንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞረ።”

በቤታቸው ሲሚንቶ የፈሰሰበት ክፍል አንድ ብቻ ነው፤ መኝታ ቤቱ። በሩ አላስገባ ስላለ ግድግዳው ተነደለ። ቁም ሳጥኑ ወደ ውጭ፣ ማሽኑ ወደ ውስጥ። ባላቸው ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው፤ በቀን ከአሥር ቃል በላይ ከአፋቸው አይወጣም። የማሽኑን ድምፅ ጆሯቸውን ለጥፈው ሰሙና “ሞተሯ ደህና ናት” አሉ። ከዚያ የራሳቸውን ፍራሽ ጠቅልለው ወደ መኖ ቤቱ ሄዱ።

“ቅር አይልህም ወይ? አልኩት። ‘ሣሩ አያንኮራፋም’ አለኝ። ማሽኑን ይሁን እኔን እስካሁን አላወቅሁም።”

ከማሽኑ ጋር የመጣው የፋብሪካው መካኒክ ሁሉንም ሰብስቦ አስረዳ። ገንዳው የሚቀዘቅዘው ከሥሩ ነው። ውስጡ ያለው መቅዘፊያ ወተቱን እያማሰለ ቅዝቃዜውን ያዳርሳል። ወተቱ መቅዘፊያው ድረስ እንዲደርስ ቢያንስ ሠላሳ ሊትር መግባት አለበት፤ ካነሰ መቅዘፊያው በባዶ ይዞራል፣ ወተቱ ከሥር በረዶ ሆኖ ይጣበቃል። ጠዋት አራት ዲግሪ ካሳየ ሥራው ተሠርቷል። ለእማማ ቴርሞሜትር ሰጥቶ ማንበብ አስተማራቸው። “ገባችሁ?” አለ። ሠላሳ አንድ ራስ ተነቀነቀ።

የመጀመሪያው ማታ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ሰው ተሰለፈ። ልብስ ሰፊው ፊት ነው፤ አንድ ትልቅ የሻይ ስኒ ወተት በጣቱ ይዟል።

“ይህ ምንድን ነው?” አሉት።

“ወተት ነዋ።”

“ቀሪውስ?”

“ቀሪው ቤት ነው ያለው። መጀመሪያ እስኪ የሌላው ሰው ይደር።”

ከኋላው አስተማሪው። አንድ ስኒ። ከኋላው ሊቀመንበሩ። አንድ ስኒ፣ ያውም ያልሞላ። ሠላሳውም ብልጥ ነበር፤ ሠላሳውም የሌላውን ወተት ለመሞከር ነው የመጣው። እማማ የራሳቸውን አሥራ አራት ሊትር ሊገለብጡ ብድግ ሲያደርጉ ሊቀመንበሩ ጣሳውን ያዘ።

“አንቺም አንድ ስኒ።”

“ለምን?”

“ከሌላው በላይ የጨመረ ከሌላው በላይ ሊቀዳ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።”

ስምንት ሊትር ገባ። ጠዋት መኪናው መጥቶ ቧንቧው ሲከፈት የወጣው አምስት ተኩል ነው። እማማ ክዳኑን ከፍተው ቢያዩ ሁለት ሊትር ተኩሉ ከሥር እንደ ነጭ ሰሐን በረዶ ሆኖ ተጣብቋል። ደስ አላቸው፤ አልጠፋማ! ወደ ሊቀመንበሩ ሮጡ።

“ና እይ፣ በረዶ ሆኗል!”

“እኔ ብቻዬን ማየት አልችልም። ኮሚቴው ነው የሚያየው።”

ኮሚቴው ደግሞ እያለበ ነው። አንዱ አልቦ ሲጨርስ ሌላው መኖ ሊያጭድ ወጥቷል፤ እሱ ሲመለስ የመጀመሪያው ከተማ ሄዷል። ምልዓተ ጉባኤው የተሟላው ረፋዱ ላይ ነው። መኪናው ሲሄድ ማሽኑ ጠፍቶ ስለነበር፣ አምስቱ የኮሚቴ አባላት አንገታቸውን ባንድ ላይ ወደ ገንዳው ሲያስገቡ ያገኙት በረዶ አይደለም፤ ለብ ያለ ሁለት ሊትር ተኩል ወተት።

በመጨረሻ ሊቀመንበሩ አንገቱን አወጣ። “ፈርታ መለሰችው” አለ።

“እንዴት አድርጌ?” አሉ እማማ።

“እሱንማ አንቺ ታውቂያለሽ።”

እዚህ ላይ እማማ ሻሹን አስተካከሉ። “ልጄ፣ ከሰው ጋር ተጣልቼ መኖር እችላለሁ” አሉኝ። “ለምጄዋለሁ። ሌባ ተብዬ ግን ወዴት እገባለሁ? ጠበኛ ሰው ሰላምታ ያጣል። የወተት ሌባ ግን የልጅ ልጁ ሳይቀር በሩቁ ይታያል።”

በዚያው ሳምንት ማኅበሩ ብየዳ ሠሪ ጠራ። በገንዳው ዙሪያ ሠላሳ አንድ ቀለበት ተበየደ፤ እያንዳንዱ አባል የራሱን ጓጉንቸር አምጥቶ ክዳኑን ቆለፈ። ትልቅ አለ፣ ትንሽ አለ፤ የልብስ ሰፊው ከሻንጣ የነቀላት ጥፍር የምታክል ነበረች። ቧንቧው በገመድ ታስሮ የማኅበሩ ማኅተም ተመታበት። ማሽኑ የአንገት ሐብል ያጠለቀ ሙሽራ መሰለ።

“እርስዎም ቆለፉ?”

“እንዴታ! እኔም አባል ነኝ። ራሴ ራሴን እንዳልሰርቅ።”

ከዚያ በኋላ ክዳኑ እንዲከፈት ሠላሳ አንድ መክፈቻ መሰብሰብ አለበት። ማታ አንዱ ሲመጣ አንዱ የለም። የአስተማሪው መክፈቻ ሱሪው ኪስ ውስጥ ነው፤ ሱሪው ታጥቦ ተሰጥቷል። የሽማግሌው መክፈቻ ከአማታቸው ቤት ነው። ሰው ስኒውን በእጁ ይዞ፣ ዝንቡን በሌላው እጁ እያባረረ፣ ማቀዝቀዣውን ከቦ ወተቱን በፀሐይ ያሞቃል። አንድ ቀን የመጨረሻው መክፈቻ ሲደርስ ወተቱ ስኒው ውስጥ እርጎ ሆኗል። የሚገርመው ማንም ሰው በጓጉንቸሩ አላማረረም። ያማረረው በመዘግየቱ ነው፤ ለዚያም መፍትሔ ተብሎ የዘገየ ሰው ሁለተኛ ጓጉንቸር እንዲጨምር ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ በሁለት ድምፅ ወደቀ።

ስኒው ግን ያው ስኒ ነው። ስለዚህ በሠላሳ አንድ ጓጉንቸር ሥር፣ ማኅተም ተመቶበት፣ ወተቱ ጠዋት መጉደሉን ቀጠለ። መኪናው ከሄደ በኋላ፣ ለማጠብ ክዳኑ ሲከፈት ደግሞ ቁጭ ብሎ ይገኛል። ጠዋት ይጠፋል፣ ረፋድ ይመለሳል።

መንደሩ ሥራ ፈቶ ይህን ብቻ ሆነ የሚያወራው። ልብስ ሰፊው ማሽኑ ማታ ማታ ይጠማዋል አለ። አስተማሪው ትነት ነው ብሎ ግድግዳቸው ላይ በከሰል ሥዕል ሣለ፤ እስካሁን አልለቀቀም። ሊቀመንበሩ ግን ሁለተኛ ቀዳዳ አለ ብሎ ከማሽኑ ሥር በሆዱ ተኝቶ ፈለገ። ያገኘው ከዓመት በፊት የጠፋውን የሹፌሩን ካልሲ ነው። ለማንኛውም ብሎ እሱንም ለማስረጃ ወሰደው።

“ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሲባል እንሰማ ነበር” ብሎ ተናገረ በስብሰባ። “እኛ ግን ላማችን በምድር ናት። ወተቷን ነው ያላየነው።”

እማማ ተነሡ። “መካኒኩ የነገረን ጠፋችሁ ወይ? ሲያንስ በረዶ ይሆናል። ሠላሳ ሊትር አስገቡበት፣ አንድ ጠብታ አይጎድልም። ካላመናችሁ ደግሞ አንድ ቀን ማለዳ መክፈቻችሁን ይዛችሁ ኑና በረዶውን በዓይናችሁ እዩ።”

“ማለዳማ ላም ነው የሚታለበው” አለ አስተማሪው።

“ሠላሳ ሊትር!” አለ ልብስ ሰፊው ወደ ሕዝቡ ዞሮ። “ሰማችሁ? በሁለት ሊትር ተኩል የተጠረጠረች ሴት ሠላሳ ትጠይቃለች!”

መካኒኩ ዘንድ ተደወለ። እሱም በስልክ “ሠላሳ ሊትር አስገቡ” አለ። ሊቀመንበሩ ስልኩን ዘግቶ “ከእሷ ጋር ተመሳጥረዋል” ብሎ በቃለ ጉባኤ አስያዘ። እውነቱን በተናገሩ ቁጥር ሌብነታቸው እየደመቀ ሄደ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስተኛው ወር መጣ። ከፋብሪካው ደብዳቤ ደረሰ፤ ሁለት ሳምንት ቀርቷል፣ መቶ ሊትር ካልታየ ማሽኑ ይነሳል። ቀጣዩ መንደር ከወዲያኛው ወንዝ ማዶ ነው፤ ወተት ሰብሳቢው በሁለቱም መንደር ያልፋል፣ አፉም እንደ መኪናው በር አይዘጋም። እማማ ነገሩ ወለል ብሎ ታያቸው። ማሽኑ ብቻውን አይሄድም፤ ስማቸውን ጭኖ ነው የሚሄደው። በደረሰበት ሁሉ “ይህቺ እንኳ አንዲት ሴት የጠጣቻት ማሽን ናት” ይባላል።

“ሁለት ቀን አልበላሁም” አሉኝ። “ሦስተኛው ቀን ባሌ ከመኖ ቤቱ ወጥቶ በአጥሩ ቀዳዳ ወደ እህቱ ቤት ገባ። ምን እንዳላት አላውቅም። ግን ብዙ ቆየ። የአንድ ወር ቃሉን ያን ቀን ጨረሰ መሰለኝ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ‘እህ’ ብቻ ነው ያለኝ።”

አመሻሽ ላይ እህትየዋ መጣች። በዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያዋ ነው። ከበሩ ገብታ፣ ከማሽኑ ወዲያ ቆመች። እማማ ከማሽኑ ወዲህ። ሹፌሩ መካከል።

“ለሚስትህ ንገራት” አለች እህትየዋ። “ነገ ማታ የሁለቱንም ላሞቼን ወተት ሙሉውን አስገባለሁ። አሥራ ሰባት ሊትር።”

እማማ ጆሯቸውን ማመን አቃታቸው። “ለእህትህ ንገራት፣ ለምን ብላ?”

“ንገራት፣ በስኒ የተሰረቀ ሌባ አያስብልም። አሥራ ሰባት ሊትር ሲጎድል ግን መንደር ሙሉ ያያል። ዘጠኝ ዓመት የምናገረውን ያን ቀን ሁሉም ያምናል።”

“ንገራት፣ አሥራ ሰባት አይበቃም። ሠላሳ ነው የሚፈልገው።”

“ንገራት፣ እሱንም አስቤበታለሁ። የራሷንም አሥራ አራት ትጨምር። የእኔ ሲጎድል ከእሷ ላይ ቀድቼ እወስዳለሁ።”

ሹፌሩ ራሳቸውን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲያዞሩ አንገታቸው ደከመ። አንድም ቃል አላስተላለፉም፤ አላስፈለገማ።

ሊቀመንበሩ ደንቡ በሰው አንድ ስኒ ነው ብሎ ሊያንገራግር ሞክሮ ነበር። እህትየዋ “ሌባ እንዳይያዝ የምትከላከለው ምን አገባህ? ተካፋይ ነህ?” ስትለው ደንቡ እዚያው ተሻሻለ።

በማግስቱ ማታ ሠላሳ አንዱም መክፈቻ በአሥር ደቂቃ ተሰበሰበ። ለወተት አንድ ሰዓት ተኩል የፈጀው ለሌባ አሥር ደቂቃ። የአስተማሪው ሱሪ እንኳ ደረቅ ነበር። ጓጉንቸሮቹ ተራ በተራ ቀጭ ቀጭ እያሉ ተከፈቱ፤ አሥራ ሰባቱ ገባ፣ አሥራ አራቱ ገባ፤ ሌላ ሰው ስኒ ይዞ ሲጠጋ እህትየዋ “ሂሳቡን እንዳታበላሹብኝ!” ብላ መለሰችው። ተመልሶ ተቆለፈ። ማሽኑ ሲነሳ ግን ድምፁ ሌላ ሆነ። እስከዚያ ቀን ደረቁን ሲንገጫገጭ የኖረው አሁን ዋጥ፣ ዋጥ ይላል። ሕዝቡ ተያየ።

“ስሙ!” አለ ልብስ ሰፊው። “እየጠጣው ነው!”

“እየቀዘፈው ነው” አሉ እማማ። የሰማቸው የለም።

ጠዋት ላሞቹ ሳይታለቡ መንደሩ በሙሉ የእማማ መኝታ ቤት ነበር። ላሞቹ ከየበረታቸው ይጮኻሉ። ወተት ሰብሳቢው እንዲህ ያለ አቀባበል ገጥሞት ስለማያውቅ ምነው ክራቫት ባሰርኩ ሳይል አልቀረም። ማኅተሙ ተፈታ። ቧንቧው ተከፈተ። እህትየዋ መለኪያውን ከሰብሳቢው እጅ ነጥቃ ራሷ ያዘች።

“አንድ። ሁለት። ሦስት።”

እማማ ከግድግዳው ተለጥፈው ቆመዋል። እውነቱን ያውቃሉ፤ መካኒኩ ነግሯቸዋል። ግን ሦስት ወር ሙሉ ሌባ ሲባል የኖረ ሰው ራሱንም መጠርጠር ይጀምራል። “ተኝቼ ስነሳ ጠጥቼው ቢሆንስ አልኩ” አሉኝ። “እውነቴን ነው። አፌን ጠረግሁ።”

“ሃያ ስምንት። ሃያ ዘጠኝ።” ቧንቧው ቀጠነ። የእህትየዋ ፊት በራ። ልብስ ሰፊው “አለቀ!” አለ። ሹፌሩ ቀስ ብለው መጡና ገንዳውን ከኋላው በትከሻቸው ቀና አደረጉት።

“ሠላሳ።” ከዚያ ቀስ እያለ፣ ጠብታው እየተቆጠረ፣ “ሠላሳ አንድ።”

እማማ ቴርሞሜትራቸውን ከተቀዳው ጣሳ ውስጥ ነክረው አወጡ። አራት። እህትየዋ አላመነችም፤ ጓጉንቸሮቹን አስከፍታ አንገቷን ገንዳው ውስጥ አስገባች። ከሥሩ እንደ መስታወት ጥርት ያለ ነው፤ የራሷን ፊት አየች። ወጣችና በዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ እማማን አናገረች።

“የት ነው ያስቀመጥሽው?”

“ምኑን?”

“የሰረቅሽውን።”

“አልጎደለምኮ!”

“እሱማ ራሴ ቆጠርኩ። ለዚህ አይደል የምጠይቅሽ?”

ሳምንት አልሞላም፤ ሰው ሁሉ በጣሳ መጣ። በሰባተኛው ቀን መቶ አራት ሊትር ሆነ። የፋብሪካው ሰው መጥቶ አየ፣ ፈረመ፣ ማሽኑ እዚያው ቀረ። ታዲያ መንደሩ ከዚህ ሁሉ ምን ተማረ መሰላችሁ? የእህትየዋ ላሞች ወተት ማሽኑን አስታገሠው የሚል ነው። ሊቀመንበሩ “እሾህን በእሾህ ነው” አለና እህትየዋን አመሰገናት። መካኒኩንም፣ መቅዘፊያውንም የጠቀሰ የለም።

“ይቅርታስ አልጠየቁዎትም?” አልኩ። ደሜ ፈልቶ ነበር።

“እንዴት አይጠይቁኝ! ስብሰባ ተጠርቶ ድምፅ ተሰጠ። በሃያ ሰባት ድጋፍና በሦስት ድምፀ ተዓቅቦ ሌባ አለመሆኔ ጸደቀ። ማኅተም ያለበት ወረቀት አለኝ።”

“ሦስቱ እነማን ናቸው?”

“ልብስ ሰፊው እጁ ላይ መርፌ ነበር። ሽማግሌው ተኝተው ነበር። ሦስተኛዋ የባሌ እህት ናት።”

ያ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፏል። ጓጉንቸሮቹ አንድ በአንድ ወደየሻንጣቸውና ወደየበራቸው ተመለሱ። ግድግዳው ተደፍኗል፤ ሹፌሩ ግን ከመኖ ቤቱ አልተመለሱም። እህትየዋ አሁንም አላመነችም። በየቀኑ ጠዋትና ማታ የራሷን በርጩማ ይዛ ትመጣለች፤ ከማሽኑ ትይዩ ተቀምጣ የእማማን እጅ ታያለች። መለኪያው ሲነሳ ከንፈሯ አብሮ ይቆጥራል። በመካከሉ ስለ ላሞቹ ያወራሉ። ስለ ሊቀመንበሩ ወተት ያወራሉ። ስለ ጥጃው ይጣላሉ። ሥራ አስኪያጇ እጃቸውን የረገጠች ዕለትም ሻሹን ከራሷ ፈታ ያሰረችላቸው እሷ ናት፤ እያሰረችም “የታመምሽ መስለሽ እንዳትቀጂ” አለቻቸው።

ሐኪሙ ምሳውን ጨርሶ መጣ። እማማን አስቀድሞ አስገባቸው፤ ሲወጡ እጃቸው በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል፣ የእህትየዋን ሻሽ ግን አጣጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተዋል። በመስኮቱ ፀሐይዋን አዩና ነጠላ ጫማቸውን ማጥለቅ ጀመሩ።

“ከአሁኑ ሊሄዱ?” አልኳቸው።

“አሥር ሰዓት ሊሆን ነው። በርጩማዋን ይዛ ደጅ ላይ ቆማለች።”

አላስቻለኝም። “እማማ፣ ያን ሁሉ ቆጥራ፣ አይታ፣ ወረቀቱም ተጽፎ፣ እስካሁን በሌባ ዓይን ስታይዎት አይከብድዎትም?”

በሩን በክርናቸው ገፋ አድርገው ቆሙ።

“ተወኝ ልጄ” አሉ። “ሃያ ሰባቱ ካመኑኝ ወዲህ ወተታቸውን ገልብጠው ሲሄዱ ደህና ዋልሽ ወይ የሚለኝ የለም። እሷ ስለማታምነኝ በቀን ሁለቴ ትመጣለች።”